የራሱ ማሳ ዘበኛ

«ዋጋው ቦታው ነው እንጂ ቤቱማ 40 ሚሊዮን ብር አይፈጅም» አለ ደላላው። የተጠየቀው 120 ሚሊዮን ብር ነው። ይህች ንግግር ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጆሮዬ አልወጣችም። ስለ አገራችን መሬት ብዙ አዋጅ አንብቤአለሁ፤ እንደዚህ ሰው እውነቱን አፍረጥርጦ የነገረኝ ግን የለም።

ወሩ ኅዳር ነበር። አሜሪካ ሃያ ዓመት የሠራችው የአክስቴ ልጅ ከወንድሟ ጋር ሆና እዚያ ያላቸውን ቤት ሸጠው አገር ቤት ማረፊያ ለመግዛት አስበዋል። «አብረኸኝ እይልኝ» ስላለችኝ ሄድኩ። ቢሾፍቱን አልፈን፣ አስፋልቱን ትተን ወደ ጠጠር መንገድ ታጠፍን። ግራና ቀኙ አጨዳ የደረሰ ጤፍ ነው። የአዳ ማኛ! የአዲስ አበባ እናቶች ወፍጮ ቤት ሲገቡ በስሙ ጠርተው የሚጠይቁት ጤፍ የሚበቅልበት ምድር ነው። በ1998 የወጣው ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያም የቢሾፍቱ የምርምር ማዕከል ሥራ ነው። እንጀራችን የሚጀምረው ከዚህ አፈር ነው።

መንገዱ የሚያበቃው ከቢሾፍቱ ሐይቆች በአንዱ አፋፍ ላይ ነው። ከቁመቴ እጥፍ የሚሆን የድንጋይ አጥር፣ በላዩ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ከዚያ ባለ ሁለት ክንፍ የብረት በር። የከፈቱልን ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ናቸው። ጎንበስ ብለው ሰላም አሉን። ደላላው ግን ሰላምታቸውን ሳይመልስ አልፏቸው ገባ።

ግቢው 5 ሺህ ካሬ ሜትር ነው። ባለ ሁለት ፎቅ ቪላ። ወለሉ ከውጭ የመጣ እምነበረድ። ሰባት መኝታ ቤት፣ ለእያንዳንዱ የራሱ መታጠቢያ። ሳውና፣ ጃኩዚ፣ ትልቅ የመዋኛ ገንዳ። ሳሎኑ ውስጥ ያሉት ሶፋዎች ከነፋብሪካ ላስቲካቸው ተደርድረዋል፤ ማቀዝቀዣውም መለያ ወረቀቱ አልተላጠም። «ሰው አድሮበት ያውቃል?» አልኩት። «አንድም ቀን! ንክች አልተደረገም» አለኝ በኩራት።

ፎቅ ላይ ለጫማ ብቻ የተሠራ ክፍል አለ። መደርደሪያው እስከ ጣሪያ ይደርሳል፤ ሐይቁን የሚያይ ሰፊ መስኮትም አለው። ከዚያ ወረድንና ከጓሮ ሰርቪስ ቤቱን አየሁ። የሠራተኛዋ ክፍል አንድ ፍራሽ ተዘርግቶ እግር ማሳረፊያ አይተርፈውም። መስኮት የለውም። ይህን ፕላን ያወጣ ሰው፣ ያስወጣውም፣ ያጸደቀውም፣ ለጫማ ብርሃን አስበው ለሰው ልጅ አላሰቡም። የዚያን ጊዜ ነው ደሜ የፈላው።

ደላላው ለአክስቴ ልጅ የጀኔሬተሩን ጉልበት ሲያስረዳ ወደ ሽማግሌው ሄድኩ። «አባቴ፣ እዚህ ሥራ ከጀመሩ ቆዩ?» አልኳቸው። ወደ ገንዳው በእጃቸው አመለከቱኝ። «ያ አውድማችን ነበር» አሉ። ከዚህ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። ሁለት ጥማድ መሬታቸው ነው። ከአባታቸው የወረሱት። ከተወሰደ አስራ አራት ዓመቱ። የተከፈላቸው ብር ሦስት ዓመት አልቆየም፤ ልጆቹ ተበተኑ፤ እሳቸው አጥሩ ሲያልቅ ለጥበቃ ተቀጠሩ። ከብቶቻቸው ወደ ሐይቁ ይወርዱበት የነበረው መንገድ አሁን ከአጥሩ ውስጥ ቀርቷል። «ዘበኛውም ከቤቱ ጋር ነው፣ ታማኝ ነው» አለን ደላላው ስንወጣ።

አሁን ሕጉን እናንሳ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። እዚያው አንቀጽ ውስጥ ገበሬ መሬት በነፃ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት እንዳለው ተጽፏል። የእኚህ አባት መሬት ሲወሰድ የነበረው አዋጅ 455/1997 ደግሞ ካሣውን ያሰላ የነበረው በአዝመራ ነው፤ ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ የዓመት ገቢ በአስር ይባዛ ነበር። አዋጅ 1161/2011 ወደ አስራ አምስት እጥፍ ከፍ አድርጎታል። መለኪያው ግን አሁንም የአዝመራው ገቢ ነው።

እንግዲህ አስሉት። ያ ሁለት ጥማድ፣ ግማሽ ሄክታር ማለት ነው፣ ደህና ዘመን ሲሆን አስር ኩንታል ያህል ጤፍ ይሰጣል። አንድ ቤተሰብ ከክረምት ክረምት ያደርሳል። ገበሬው ፊት የተዘረጋው ሒሳብ ይህ ነው፤ «መሬት የመንግሥት ነው፣ ያንተ ጤፉ ነው፣ የጤፉን እንከፍልሃለን» ተባለ። ያው አፈር ከአጥር ውስጥ ከገባ በኋላ ደላላው በአደባባይ 80 ሚሊዮን ብር ይጠራለታል። ለገበሬው መሬት አይሸጥም፤ ለባለሀብቱ ይሸጣል። ወረቀቱ ላይ «ቤት» ተብሎ ይጻፋል እንጂ የተሸጠው መሬት ነው፤ ሀገር ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው ነው። እኔ ይህን ልማት ብዬ አልጠራውም። ዝርፊያ ነው፤ ማኅተም ያለው ዝርፊያ።

«ሰው ሠርቶ ባገኘው ምን አገባህ?» የሚለኝ አለ። ሠርቶ ያገኘ ይብላ፣ ይልበስ፣ ያማረ ቤት ይሥራ። በሀብት ላይ ቂም የለኝም። ደርግ ሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወርስ ለአንድ ቤተሰብ የመኖሪያ ቦታ ጣሪያው 500 ካሬ ነበር። ያንን ዘመን አልናፍቅም፤ በላቡ የሠራ ሰው ቤቱን ተነጥቆ ሲያለቅስም ሰምቻለሁ። ነገር ግን ትላንት ከባለ ቤቱ መንጠቅ ግፍ ከነበረ፣ ዛሬ ከባለ ማሳው መንጠቅ በምን ሒሳብ ጽድቅ ይሆናል?

እንዲህ ያሉ ቪላዎች ለምን እንደሚሠሩም አውቃለሁ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሬ በገበያ ይወሰን ሲባል አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ብር ያለው ሁሉ ብሩ እንዳይቀልጥበት ሲሚንቶ ውስጥ ይቀብረዋል። ሰው ያላደረበት ሰባት መኝታ ቤት የዚህ ፍርሃት ሐውልት ነው። ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን የአንድ ሰው ገንዘብ እንዳይቀልጥ የሌላው ቤተሰብ መቅለጥ አለበት? የአዳ አፈር የጤፍ መሬት ነው፣ የብር ማስቀመጫ ካዝና አይደለም። አንድ ጊዜ ኮንክሪት ከፈሰሰበት ማንም ማረሻ አይመልሰውም።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። ካሣ በአዝመራ መመተሩ ይቅር፤ ቦታው ነገ በሚያወጣው ዋጋ ላይ ተነሺው ገበሬ ድርሻ ይኑረው፤ ቤቱ በተሸጠ ቁጥርም ይድረሰው። በ2017 የጸደቀው የንብረት ታክስ በደሃዋ የጭቃ ቤት ላይ ሳይሆን ሰው በማያድርባቸው ቪላዎች ላይ ይክበድ። ሐይቅ የሕዝብ ነው፤ ሰውና ከብት የሚወርድበት መንገድ ይከፈት። መስኮት የሌለው የሠራተኛ ክፍል ያለበትን ፕላን የሚያጸድቅ ሹም ይጠየቅ።

ስንመለስ የአክስቴ ልጅ ብዙ መንገድ ሳትናገር ቆየች። ቃሊቲ ስንደርስ «አልገዛውም» አለች። «ያንን በር በከፈቱልኝ ቁጥር እንዴት ብዬ አያቸዋለሁ?»

ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ፣ ከዓረብ አገር የለፋችሁበትን ይዛችሁ የምትመጡ ወገኖቼ፣ ቤት መግዛት መብታችሁ ነው። ካርታውን ከማየታችሁ በፊት ግን በሩን የከፈተላችሁን ሰው ስሙን ጠይቁት። ቀጥሎም ከዚህ አጥር በፊት እዚህ ምን እንደነበረ ጠይቁት። መልሱን ሰምታችሁ ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋ ተነጋገሩ።