አንድ ገመድ፣ ሁለት ከንቲባ

በአንድ ገመድ ላይ ሁለት ሰው እኩል መናገር አይችልም። የኮምፒውተር ሰዎች ይህን ከተረዱት ሃምሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው። የመቐለ ፖለቲከኞች ግን እስከ ዛሬ አልገባቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲሪያል ፖርት የሚባለው የኮምፒውተር መስመር መረጃን ቢት በቢት፣ በሰልፍ ያስተላልፋል። ሞደም፣ ሚዛን፣ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ከኮምፒውተር ጋር ሲገናኙ የኖሩት በእሱ ነው። ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ ከጻፉበት የአንዱ ፊደል ከሌላው ጋር ይደባለቃል፤ መሣሪያውም የአንዳቸውንም ትእዛዝ አይፈጽምም።

ቤል ላብስ ውስጥ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጨረሻ ዩዩሲፒ የተባለውን የዩኒክስ መልእክት መለዋወጫ የሠሩት ሰዎች ቀላል መላ ነበራቸው፤ ሎክ ፋይል። መስመሩን የሚፈልግ ፕሮግራም በታወቀ ማኅደር ውስጥ ትንሽ ፋይል ይፈጥራል፤ በውስጡም የራሱን መለያ ቁጥር ይጽፋል። ሌላው መጥቶ ፋይሉን ካየ ይጠብቃል። ሥራው ሲያልቅ ፋይሉን የፈጠረው ራሱ ይሰርዘዋል።

ልብ በሉ፤ ይህ ፋይል ዘበኛ የለውም። ማየት ያልፈለገ ፕሮግራም አልፎት ይገባል። ጉልበቱ ስምምነት ብቻ ነው፤ ሁሉም እዚያው አንድ ቦታ ለማየት መስማማታቸው። ድሮ አንዱ ፕሮግራም ፋይሉን በአንድ ማኅደር፣ ሌላው በሌላ ማኅደር ያስቀምጥ ነበር። ሁለቱም ይፈትሻሉ፣ ሁለቱም «መስመሩ ነፃ ነው» ይላሉ፣ ሁለቱም እንደየደንባቸው ትክክል ናቸው። ከገመዱ የሚወጣው ግን ዝባዝንኬ ነው።

ትግራይ የሆነችው ይህንኑ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2012 ክልሉ ምርጫ አካሄደ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ምርጫውን ሕገ መንግሥቱን የጣሰና ተፈጻሚነት የሌለው አለው። ክልሉ ደግሞ ከመስከረም 25 ቀን 2013 በኋላ የፌዴራሉ መንግሥት ሥልጣን አብቅቷል አለ። እያንዳንዱ የራሱን ማኅደር ከፍቶ የራሱን ቁልፍ አገኘ። ከዚያ ጥቅምት 24 መጣ። የከፈለው ማን እንደሆነ መቐለ ውስጥ ለማንም መንገር አያስፈልግም።

ከፕሪቶሪያ በኋላ ትምህርት ተወስዷል ያለ ተሳስቷል። በነሐሴ 2016 ሕወሓት 14ኛ ጉባኤውን መቐለ ላይ አካሄደ፤ ምርጫ ቦርድ እውቅና ነፈገው። የጊዜያዊ አስተዳደሩ ፕሬዚዳንት አቶ ጌታቸው ረዳ ጉባኤውን ሳይገኙበት ቀሩ፤ ዶክተር ደብረጽዮን ገብረሚካኤል በሊቀመንበርነት ቀጠሉ። ወራት ሳይቆጠሩ ከተማዋ ሁለት ከንቲባ ኖሯት። አንዱን የከተማው ምክር ቤት መረጠ፣ ሌላውን ጊዜያዊ አስተዳደሩ ሾመ። አንድ ከተማ፣ አንድ ወንበር፣ ሁለት ማኅደር።

ሁለቱም ወገኖች «ሕጋዊው እኛ ነን» ይላሉ። ከሁለቱ አንዱ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ግን የይዞታ ማረጋገጫ ወይም የንግድ ፈቃድ ይዞ ለሚሰለፈው ነዋሪ ይህ ምን ይፈይድለታል? የእሱ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ዛሬ የተፈረመልኝ ወረቀት ነገ ይሠራል ወይ? ለዚህ መልስ የሌለው ሹም የፈለገውን ያህል አንቀጽ ቢጠቅስ አስተዳዳሪ አይባልም።

በመጋቢት 2017 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ክርክሩ በጉልበት ተፈታ። የዓዲግራትና የመቐለ ከንቲባ ጽሕፈት ቤቶች በሕወሓት ሊቀመንበር ደጋፊዎች እጅ ገቡ፤ የመቐለ ኤፍኤም ሬዲዮም እንዲሁ። ይህ በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም የፈጠረውን ሎክ ፋይል በእጅ እንደ መሰረዝ ነው። የሰረዘው ሰው «መስመሩን አስለቀቅኩ» ይላል፤ ያስለቀቀው ነገር የለም፤ ለሚቀጥለው ሰራዥ መንገዱን ነው ያሳየው።

ተቃራኒው ጥፋትም አለ። ፕሮግራሙ ሞቶ ፋይሉ ይቀራል፤ መስመሩም ያለ ተጠቃሚ እንደተቆለፈ ይውላል። ለዚህ ነው ቁጥሩ በፋይሉ ውስጥ የሚጻፈው። ጥሩ ፕሮግራም ቁጥሩን አንብቦ «ይህ ባለቤት በሕይወት አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከሌለ ብቻ ያነሣዋል። በ2012 ምርጫ የሚምል ሁሉ፣ የአምስት ዓመቱ ዘመን በራሱ ስሌት ካበቃ ስንት ቀን እንዳለፈው ይቁጠር። ጊዜያዊ የተባለና ዕድሜው የሚራዘም አስተዳደርም እንዲሁ ይጠየቅ። መጋቢት 30 ቀን 2017 ሌተናል ጄኔራል ታደሰ ወረደ ቦታውን ሲረከቡ ሰው ተቀየረ፤ ጥያቄው አልተቀየረም።

መፍትሔው ተአምር አይፈልግም። የከተማው ሥልጣን የማን እንደሆነ በአንድ ቦታ፣ በግልጽ፣ ሁሉም በሚያየው ሰሌዳ ይጻፍ። ማን ሾመው፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ በምን ሕግ፣ ጭቅጭቅ ቢነሣ ማን ይዳኛል? ዳኛውን ሁለቱም ወገኖች ከጠቡ በፊት ይቀበሉት፤ ጠብ ከተነሣ በኋላ የሚመረጥ ዳኛ የአንዱ ጠበቃ ነው። ቀኑ ያለፈበትም ሳይገፉት ይልቀቅ።

ይህን የማይፈልግ ወገን ምክንያቱ አንድ ነው፤ ስሙና ቀኑ ከተጻፈ መውጫውም አብሮ እንደሚጻፍ ያውቃል።