እጅን ነጻ የሚያወጣ መብራት

በእርጅናም ሆነ በአካል ጉዳት ምክንያት በምርኩዝ የሚሄድ ዘመድ ወይም ጎረቤት የሌለው ሰው ከመካከላችን ብዙ አይገኝም። ስለዚህ ዛሬ ለእነዚህ ወገኖቻችን ስለሚጠቅም አንድ ትንሽ ዕቃ ለመጻፍ አስበናል። ነገሩን ያስተማረን የገዛ ራሳችን ስሕተት ነውና፤ አስቀድመን ስሕተታችንን ሳንሸሽግ እንናገራለን።

ባንድ ወቅት ለጉዳይ ወደ ቦንጋ ሄደን ነበር። ቦንጋ የካፋ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ በ2014 ዓ.ም. ከተቋቋመው ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ከተሞችም አንዷ ናት። አገሩ ደን የበዛበት፤ በቡናውና በማሩ ስሙ የተጠራ፤ ዝናቡም ከዓመቱ ወራት በብዙዎቹ የማይታጣ ነው። ቤቶቹ በኮረብታና በተዳፋት ላይ የተሠሩ ስለ ሆኑ ካንዱ ደጅ ወደ ሌላው ደጅ ለመድረስ ዳገት መውጣት ወይም ቍልቍለት መውረድ ግድ ነው። ከምድር ወገብም ብዙ ስለማይርቅ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጨለማው ፈጥኖ ይወድቃል፤ የሌሊቱም ርዝመት በበጋም ሆነ በክረምት ከ12 ሰዓት እጅግ አይርቅም። እንግዲህ ከመሸ በኋላ ከቤቱ መውጣት የማይችል ሰው የዕድሜውን እኩሌታ ያህል በሩን ዘግቶ ይኖራል ማለት ነው።

በእንግድነት የተቀበሉን አባት በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። አንድ እግራቸው ከብዙ ዓመት ጀምሮ ስለማይታዘዝላቸው በሁለት ክራንች ይሄዳሉ። እኛም ይህን አስቀድመን ሰምተን ስለ ነበር፤ ለሌሊት መንገድ ይጠቅማቸዋል ብለን አንድ ብርቱ የእጅ ባትሪ ገዝተን ወስደንላቸው ነበር። እርሳቸውም ተቀብለው መረቁን። ከበታቻቸው ያለው ጎረቤት በዚያው ቀን ዘመድ ሞቶበት ስለ ነበር፤ «ዛሬስ ብርሃን አለኝ፤ ለቅሶ ልድረስ» ብለው ተነሡ፤ እኛም ተከተልናቸው።

ከደጃፍ እንደ ወጣን ችግሩ ተገለጠ። ባትሪውን ከቀኝ ክራንቻቸው ጋራ አብረው ቢይዙት ክራንቹ በተነሣ ቍጥር ብርሃኑ ወደ ዛፍ ጫፍ ይወጣል፤ ክራንቹ መሬት ሲነካም ወደ ጎን ይሸሻል። በብብታቸው ቢያደርጉት ወደቀ። በመጨረሻ በጥርሳቸው ነከሱት፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ በመንገድ ያገኘናቸው ሰዎች «እንደምን አመሹ?» ሲሏቸው መመለስ አልቻሉም። አንድ ቦይ ስንሻገር ክራንቹ ጭቃው ላይ አዳለጣቸው፤ ደግፈን ባንይዛቸው ኖሮ በወደቁ ነበር። ባትሪውን ከአፋቸው አውጥተው ያለ ቍጣ እንዲህ አሉን፤

«ልጆቼ፤ መብራቱስ መልካም ነው፤ የሚይዘውን እጅ ግን አላመጣችሁልኝም። ከመሸ ለቅሶ መድረስ ከተውሁ ሦስት ዓመቴ ነው። ጎረቤቶቼ ኮርቷል ይሉኛል፤ እኔ ግን የምፈራው ይህን ቦይ ነው።»

እኛም ይህን ስንሰማ አፈርን። ስጦታውን ስንገዛ የመረጥነው ለራሳችን እጅና ለራሳችን እግር የሚስማማውን ነበርና።

ከዚያ ያዳነን የወንድማቸው ልጅ ነው። ይህ ወጣት ማር ቆራጭ ነው። በካፋ ደን የባህሉ ቀፎ የሚሰቀለው ከረዣዥም ዛፎች ላይ ነው፤ ማሩም ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው ንቡ በሚረጋበት በምሽት ስለ ሆነ፤ ቆራጩ አንድ እጁን ለገመዱና ለቅርንጫፉ፤ ሌላውን ለጢሱና ለማሩ ይፈልገዋል። ሦስተኛ እጅ የለውምና መብራቱን የሚያኖረው በግንባሩ ላይ ነው። ከኋላችን ደርሶ የሆነውን ባየ ጊዜ ከግንባሩ ያሰራትን ትንሽ ባትሪ ፈትቶ በአጎቱ ቆብ ላይ አሰረላቸው። ወዲያው ሁለቱ እጆቻቸው ለክራንቻቸው፤ አፋቸውም ለሰላምታ ነጻ ሆነ። ለቅሶው ቤት የደረስነው እርሳቸው ከፊት፤ እኛ ከኋላ ሆነን ነው።

በክራንች የሚሄድ ሰው እጁ እግሩ ነው። በእጁ መብራት አስይዞ ሂድ ማለት አንድ እግሩን ወስዶ ሂድ እንደ ማለት ነው። ይህንንም እውነት ከቦንጋ እጅግ በራቀ ስፍራ፤ ይኸውም በባሕር ውስጥ፤ የሚያውቁት ሰዎች አሉ። በ1943 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ፈረንሳዮቹ ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን ጠላቂ አየሩን በጀርባው ተሸክሞ በውሃ ውስጥ የሚተነፍስበትን መሣሪያ ከሠሩ ወዲህ፤ በባሕር ውስጥ መዋኘት ለብዙ ሰው ተችሏል። እግራቸው የማይታዘዝላቸው ሰዎችም ይህን ተምረዋል፤ በ1981 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ለአካል ጉዳተኞች የሚሆን የጠላቂዎች ማኅበር ተቋቁሟል። በውሃ ውስጥ ክብደት ስለሚቀል በየብስ ወንበር የማይለቀው ሰው በዚያ በክንዱ እየቀዘፈ እንደ ወደደ ይሄዳል። በሌሊት ሲጠልቅ ግን ልክ እንደ ቦንጋው አባት ይቸገራል፤ የሚቀዝፍበት እጁ መብራት ከያዘ የሚሄድበት የለውምና። ስለዚህ መብራቱን በራሱ ላይ ወይም በእጁ ጀርባ በማሰሪያ ያስረዋል፤ መዳፉም ለሥራው ነጻ ይሆናል።

ጠላቂዎቹ በልምድ ያገኙት ሌላም ትምህርት አለ። ግንባር ላይ የታሰረ መብራት የታሰረለት ሰው ወደ ጓደኛው በተመለከተ ቍጥር የጓደኛውን ዓይን ያጭበረብራል። ደግሞም መብራቱ ለዓይን የቀረበ ሲሆን በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈውን ብናኝ ሁሉ እያበራ ወደ ዓይን ይመልሰዋል። በውሃ ያለው ብናኝ በቦንጋ ጭጋግና ካፊያ ነውና፤ ትምህርቱ ለእኛም ይሆናል። ጠላቂዎች አንዱ መብራት ቢጠፋ ሌላ መጠባበቂያ ሳይዙ በሌሊት አይወርዱም።

ይህ ሁሉ በዘመናችን የቀለለው የመብራቱ ዓይነት ስለ ተለወጠ ነው። ጃፓን የተወለዱ ሦስት ሊቃውንት፤ አካሳኪ፤ አማኖና ናካሙራ፤ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጠውን ኤልኢዲ ስለ ሠሩ በ2014 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ነጩ የኤልኢዲ መብራት የመጣው ከዚህ ሥራ ነው። በጥቂት ኤሌክትሪክ ብዙ ስለሚያበራ ከቀድሞው አምፑል ጋራ ሲነጻጸር ባትሪው ትንሽና ቀላል ሊሆን ችሏል፤ በግንባር ቢታሰር የማይከብደውም ስለዚህ ነው።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደ ተባለ ግን መብራቱን በራስ ላይ ከማሰር አስቀድሞ ጥቂት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ፤ ዕቃውን ከመግዛታችን በፊት የሚጠቀምበትን ሰው እንጠይቅ። የቱ እጁ ይበረታል? ማሰሪያውን ያለ ሰው ርዳታ ሊያጠልቅ ይችላልን? ማብሪያውን በጣቱ ዳብሶ ያገኘዋልን? ሌላ ሰው ካላበራለት የማይበራ መብራት ነጻ አያወጣውም። ቢቻል ገበያ ይዘነው ሄደን በራሱ ላይ ሞክሮ ይምረጥ።

ሁለተኛ፤ የሚታሰርበትን ስፍራ እንደ መንገዱ እንለይ። እጅ ለሚሠራው ሥራ ግንባር ይሻላል። ድንጋይና ጕድጓድ ለበዛበት መንገድ፤ ጭጋግም ለሆነበት ሌሊት፤ መብራቱን በደረት ወይም በወገብ ማሰር ይመረጣል። ብርሃኑ ከዓይን አጠገብ ሲወጣ የጕድጓዱ ጥላ ስለማይታይ መሬቱ ሁሉ ደልዳላ መስሎ ይታያል፤ ከዝቅታ ሲወጣ ግን ጕድጓዱና ድንጋዩ ጥላ ጥለው ይገለጣሉ። ከየትም ቢታሰር ብርሃኑ ከፊት ሁለትና ሦስት እርምጃ ላይ እንዲያርፍ ይዘንበል።

ሦስተኛ፤ ዝናብ የሚችለውን እንምረጥ። በዕቃው ላይ «አይፒኤክስ» የሚል ምልክትና ከአጠገቡ አንድ ቍጥር ይጻፋል። ቍጥሩ 4 ቢሆን የሚረጭ ውሃን ይችላል፤ 7 ቢሆን ደግሞ በአንድ ሜትር ጥልቀት ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ቢቈይ ውሃ አያስገባም። ለካፋ ዝናብ ከ4 ያነሰ አይገዛ።

አራተኛ፤ ሁለተኛ ትንሽ መብራት በኪስ ይኑር። ኤሌክትሪክ በሚኖርበት ሰዓት ወይም በፀሐይ ኃይል በቀን መሙላትን የቤቱ ልጆች ተራ ይግቡበት፤ በመሸ ጊዜ ባዶ ሆኖ የተገኘ ባትሪ ከሌለ አይለይምና።

አምስተኛ፤ ትሕትናን አንርሳ። መብራት ያሰረ ሰው ሌላውን በመንገድ ሲያገኝ ግንባሩን ዝቅ ያድርግ፤ በቤት ውስጥም ያጥፋው። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ደግሞ ነጩ መብራት ከወንበሩ ፊት ዝቅ ብሎ ይታሰርለት፤ ከኋላውም መኪና እንዲያየው ቀይ መብራት ይጨመርለት።

በመንግሥት ሥራ ላይ ለምትገኙ አንባቢዎቻችን አንድ ቃል እንጨምራለን። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲደግፍ ያዛል፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመቹ እንዲሆኑ አዝዟል። ሰው ግን የሚኖረው በሕንፃ ውስጥ ብቻ አይደለም። ከቢሮው ደጅ እስከ ዋናው መንገድ ያለው ቦይ ክዳን ቢኖረው፤ ደረጃውም መደገፊያና መብራት ቢኖረው፤ በምርኩዝ የሚሄደው ሠራተኛ ሳይመሽብኝ ልሂድ እያለ ሥራውን አያቋርጥም። የግንባሩ መብራት ለመንገዱ መስተካከል ምትክ አይሆንም፤ መንገዱ እስኪስተካከል ድረስ ግን ሰውየው ለቅሶውን፤ ሠርጉንና ማኅሌቱን አይቅር።

የቦንጋው አባት ያመጣንላቸውን የእጅ ባትሪ አልጣሉትም። ለማር ቆራጩ መብራቱን መልሰን በእርሷ አምሳል ሌላ ገዝተን ለእርሳቸው በሰጠናቸው ጊዜ፤ የእጅ ባትሪውን በደጃፋቸው ምሰሶ ላይ አንጠለጠሉት። ለምን እንደ ሆነ ብንጠይቃቸው፤ «ከመሸ ወደ እኔ ለሚመጣ እንግዳ ነው፤ እርሱ እጅ አለው» አሉን።

እንግዲህ አንባቢዎቻችን ሆይ፤ ከእንግዲህ ለአረጋዊና ለአካል ጉዳተኛ ዘመዳችሁ ስጦታ ስትገዙ፤ የሚሰጣችሁ ምስጋና ሳይሆን የሚይዝበት እጅ አስቀድሞ ትዝ ይበላችሁ።