የተሰወረ ምርጫ፦ ለሙያ አጋሮቼ ማስጠንቀቂያ

የሙያ አጋሮቼ፣ በጃቫ ሥራ ፀጉራችን ሸብቷልና ስለ አንድ አደጋ በግልጽ ልንገራችሁ። አንድ ኢንተርፌስ ሁለት ኢምፕሊመንቴሽን ሲኖረው፣ የትኛው ይግባ የሚለውን ለስፕሪንግ ቡት ኮንዲሽን መተው ለምደናል። ወጣቶቹም ከእኛ አይተው ይጽፋሉ።

ልብ በሉ፤ ሴቲንግ አይቶ የሚመርጠው ኮንዲሽናል ኦን ፕሮፐርቲ የሚፈርደው አንዴ ብቻ፣ ፕሮግራሙ ሲነሳ ነው። ከዚያ በኋላ ሴቲንጉ ቢቀየርም የገባው ቢን በቦታው ይቆያል። በግራልቪኤም ኔቲቭ ኢሜጅ ደግሞ ፍርዱ ገና ኮዱ ሲገነባ ያልቃል። እንደ ደንበኛው የሚለያይ ምርጫ እዚህ ቦታ የለውም።

የከፋው ግን ዝምታው ነው። የክፍያ አገልግሎትን ውሰዱ። አንዱ ኢምፕሊመንቴሽን ከባንክ ጋር ይገናኛል፤ ሌላው ለሙከራ የተጻፈ ነው፣ ምንም ሳይልክ «ተሳክቷል» ይላል። ለሥራ እንዲቀለን በሙከራው ላይ ማች ኢፍ ሚሲንግን ትሩ እናደርጋለን። አንድ ቀን ፕሮዳክሽን ላይ የሴቲንጉ ስም በአንዲት ፊደል ይሳሳታል። ስፕሪንግ ሴቲንጉን እንደሌለ ቆጥሮ የሙከራውን ያስገባል፤ ፕሮግራሙም ያለ አንዳች ኤረር ይነሳል። ደንበኛው ደረሰኝ ይዞ ይሄዳል፤ ገንዘቡ ግን ከሒሳቡ አልተነቃነቀም።

ይህ አይደርስብንም አትበሉ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 የአሜሪካው አክሲዮን አገበያይ ናይት ካፒታል አንድ አሮጌ ፍላግ ለአዲስ ሥራ አዋለ። አዲሱ ኮድ ከ8 ሰርቨሮች በአንዱ ላይ ሳይጫን ቀርቶ ነበርና፣ ፍላጉ እዚያ ለዓመታት የተተወ ኮድ ቀሰቀሰ። በ45 ደቂቃ ውስጥ የተላከው ትእዛዝ ድርጅቱን ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ አከሰረው። በዓመቱ ድርጅቱ ከጌትኮ ጋር ተዋሐደ።

ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል። ሲነሳ የሚወሰነው ምርጫ ሴቲንጉ ከሌለ ፕሮግራሙን ያቁመው እንጂ በዝምታ አይለፍ። የገባውም ኢምፕሊመንቴሽን በሎግ ላይ በስሙ ይጻፍ። በየጥያቄው የሚለያየውን ምርጫ ደግሞ ወደ ግልጽ ኮድ አውጡት፦ ስፕሪንግ ሁሉንም ኢምፕሊመንቴሽኖች ከነስማቸው በአንድ ማፕ ይሰጣችኋል፤ አንድ ክላስ ይምረጥ፤ የማያውቀው ስም ሲመጣ ኤክሴፕሽን ይጣል። የሙከራ ኮድ ከቴስት ፎልደር አይውጣ። ያረጀውን የኮድ ቅርንጫፍ ሰርዙት።

ኮድ የምናጸድቀው እኛ ነን፤ ተጠያቂዎቹም እኛው ነን። አደራችሁን፣ «ሴቲንጉ ባይኖር የትኛው ይገባል?» ብላችሁ ሳትጠይቁ፣ መልሱንም ኮዱ ላይ በዓይናችሁ ሳታዩ አታጽድቁ።