ዛፉን ከመክሰስ በፊት ቤቱ ይፈተሽ

ከዚራ ውስጥ ልጅ ማስነጠስና ማሳል ከጀመረ ተከሳሹ ቀድሞ ይታወቃል፦ ዛፉ ነው። «ይሄ አበባ ነው ልጁን የጨረሰው» ይባላል፤ ቀጥሎም «ለምን አይቆረጥም?» ይመጣል።

ክሱ በአብዛኛው የተሳሳተ ነው። እንደ ኒም ያለ የጥላ ዛፍ የአበባ ብናኙን በዋናነት የሚያመላልሱለት ነፍሳት ናቸው እንጂ ነፋስ አይደለም። እርግጥ ዛፍ ሁሉ ነፃ አይወጣም። ከከተማ ወጣ ሲባል ሜዳውን የወረረው ፕሮሶፒስ ብናኙ አለርጂ እንደሚያስነሳ ህንድ ውስጥ ተረጋግጧል። የከዚራ ጥላ ቢቆረጥ ግን ለሰፈሩ የሚተርፈው ፀሐይና አቧራ ነው፤ አቧራ ደግሞ አስም ያለበትን ሰው ያባብሳል።

ዋናው ተጠርጣሪ ያለው ከበር ወዲህ ነው። በ1997 (እ.ኤ.አ.) ላንሴት ላይ የታተመው የጅማ ጥናት ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን አይቶ፣ አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው ሰው ላይ በዝቶ አገኘው። ገጠር አበባ ስለሌለ አይደለም፤ የአኗኗሩ ልዩነት ነው። በኋላ እዚያው የተሠራ ሌላ ጥናት ቤት ውስጥ ላምባ ማንደድን ከአለርጂ ጋር አያይዞታል።

አሁን የድሬን ቤት እንመልከት። ከሰሉ ይጨሳል፣ ዕጣኑ ይታከልበታል፣ ማታ ኡንሲው ይከተላል። መስኮቱ ለወባ ትንኝ ተብሎ ተዘግቷል፤ ፍሊት ተረጭቶ ልጁ እዚያው ይተኛል። ፍራሹ ፀሐይ ካየ ዓመት አልፎታል፤ በዓይን የማይታዩ የአቧራ ነፍሳት የሚራቡት እዚያ ነው። አባቱ ወይም እናቱ አስም ካለባቸው ደግሞ ልጁ ሲወለድ ጀምሮ ለዚህ ሁሉ የተጋለጠ ነው።

ቡናው ይቅር የሚል የለም። ትንኝም አይናቅም፤ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ቺኩንጉንያ ከተማዋን እንዴት እንዳስተኛት የሚረሳ የለም። ግን ጭሱ ወደ በረንዳ ይውጣ። ፍሊት ልጁ ሳይኖር ተረጭቶ ክፍሉ ይናፈስ፤ ሌሊት አጎበር ይዘርጋ። አንሶላው በሙቅ ውሃ ይታጠብ፣ ፍራሹ ፀሐይ ይምታው። ሲር ሲር እያለ የሚተነፍሰው ልጅም ሐኪም ይየው፤ የታዘዘለት የሚሳብ መድኃኒት «ሱስ ያስይዛል» ተብሎ አይከልከል።

መጥረቢያ ማንሳት ቀላል ነው፤ ዛፍ አይከራከርም። ልጁ ግን ዛፉ ከወደቀም በኋላ ማሳሉን አያቆምም።