ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው የት ይጠንቀቅ

በዚህ ዘመን ሹሙ ለጉባኤ፥ ካህኑ ኢየሩሳሌምን ለመሳለም፥ ነጋዴውም ለሥራው ባሕር ይሻገራል። ሽብርተኞች አደጋ ጣሉ የሚል ወሬ በተሰማ ጊዜ ብዙ ሰው የሚፈራው አይሮፕላኑን ነው። የሆነውን በማስተዋል ለሚመረምር ግን የሚታየው ሌላ ነው።

ጥር 16 ቀን 2003 ዓ. ም. በሞስኮ በዶሞዴዶቮ የአይሮፕላን ጣቢያ ቦምብ የፈነዳው ተቀባዮች ቆመው እንግዶቻቸውን ከሚጠብቁበት አዳራሽ ነው፤ ከ30 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። መጋቢት 13 ቀን 2008 ዓ. ም. በብራስልስ ከጧቱ 2 ሰዓት ገደማ ሁለት ቦምቦች የፈነዱት መንገደኞች ዕቃቸውን ለማስረከብ ከሚሰለፉበት፥ ገና ካልተፈተሹበት አዳራሽ ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ 21 ቀን በኢስታንቡል በአታቱርክ ጣቢያ ከ40 የሚበልጡ ሰዎች ተገደሉ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ይህ የኢስታንቡሉ ነው፤ በዚያ ጣቢያ መንገደኛው ከሕንጻው መግቢያ ጀምሮ ይፈተሽ ነበርና። ፍተሻው ወደ በሩ በቀረበ ጊዜ ሰልፉም አብሮት ወደ በሩ ይመጣል፤ ገዳዩም የሚፈልገው ሰልፉን ነው።

ስለዚህ ቤተ ዘመድን ሁሉ አስከትሎ በአዳራሹ መካከል ረጅም ስንብት ማድረግ መልካም አይደለም፤ ስንብቱ ከቤት ይለቅ። መንገደኛው ዕቃውን አስረክቦ ፈጥኖ ወደ ውስጥ ይግባ፤ ሲመለስም ፈጥኖ ይውጣ። በእኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ ልማድ አለ፤ ይኸውም ለዘመድ የሚላከውን ጥቅል በመንገደኛው እጅ ማስያዝ ነው። እምቢ ማለት ነውር ይመስላል። ነገር ግን የታሰረውን ሳይፈታ የተቀበለ ሰው፥ «ዕቃህን ያሰርኸው አንተ ነህን?» ተብሎ ሲጠየቅ እውነቱን ሊመልስ አይችልም። ላኪው በፊቱ ይፍታው፤ ካልፈታውም ይቅር።

በመንገድ አደጋ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ1 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ይሞታል። አይሮፕላን እየፈራ በታክሲ ውስጥ ቀበቶውን የማያስር መንገደኛ ፍርሃቱን ያለ ስፍራው አውሎታል።

በብራስልስ በዚያ ቀን የስልኩ መስመር ተጨናንቆ ሰው ዘመዱን ማግኘት ተቸግሮ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ አጭር የጽሑፍ መልእክት መላክ ይሻላል። መልእክተኛ የሚልክ መሥሪያ ቤትም የፓስፖርቱን ግልባጭ፥ የሚያድርበትን ሆቴልና የሚመለስበትን ቀን አስቀድሞ ጽፎ ይያዝ፤ በዚያ አገር ላለው ኤምባሲያችንም ያስታውቅ። ይህ ካልተደረገ አደጋ በደረሰ ቀን ኤምባሲው ማንን እንደሚፈልግ፥ በየትኛውም ሆስፒታል እንደሚጠይቅ አያውቅም።