«አሥር አለቃ» በር ላይ

በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ግቢዎች ከጥበቃዎቹ አንዱን «አሥር አለቃ» ብሎ የሚጠራ ሰፈር ብዙ ነው። ካፖርቱ አርጅቷል፤ ዱላው በሩን ተደግፏል። መኪና ሲገባ ግን ተረከዙን ገጥሞ ሰላምታ ይሰጣል። ልጆች ይስቃሉ፤ እሱም አብሮ ይስቃል፤ እጁ ግን ከግንባሩ አይዛነፍም። የት የት ግንባር እንደነበረ የሚጠይቀው የለም።

ከእንዲህ ያሉት ሰዎች አንዳንዶቹ የ1983ቱ ብትን ጦር ቅሪቶች ናቸው። ግንቦት 20 ቀን ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ከአፍሪካ ትላልቅ ሠራዊቶች አንዱ የነበረው የደርግ ጦር በአንድ ሰሞን ፈረሰ። መለዮውን የጣለ ወታደር ደጅ ለደጅ እንጀራ ሲለምን ታየ። ሰኔ ላይ የተቋቋመው የመልሶ ማቋቋሚያ ኮሚሽን 450 ሺህ የሚያህሉ የቀድሞ ሠራዊት አባላትን ተረከበ። ቁጥሩ ሲታይ ሥራው ቀላል እንዳልነበረ ግልጽ ነው፤ ገጠር ላይ የተሠራው ሥራም ሊመሰገን ይገባል።

ገጠር የገባው ከገበሬ ማኅበሩ መሬት አገኘ፣ ዘርና የእርሻ መሣሪያ ተሰጠው፣ ለጥቂት ወራት ራሽን ታደለው። በሬ አንድ ብቻ ካለው ደግሞ ባለ አንድ በሬ ጎረቤት ፈልጎ ይቀናጃል። ዕድሩም ደቦውም ቀድሞ የሚያውቀው ነው። እርዳታው ቢያልቅ እንኳ መሬቱና ሰዉ አብረውት ቀሩ።

ከተማ ላይ ግን እንዲህ አልሆነም። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የዘመተው ወደ ወንበሩ መመለስ ቻለ። ከገበያ ወይም ከትምህርት ቤት በአፈሳ የተወሰደው ወጣት ወዴት ይመለስ? ከውትድርና ሌላ የያዘው ሙያ የለም። ክላሽ መፍታትና መግጠም ያውቃል፤ የሚቀጥረው ደግሞ በር የሚያስጠብቅ ብቻ ነው።

ዛሬ ይህ ሁሉ እንደገና ጠረጴዛ ላይ ቀርቧል። ጥቅምት 2015 የትግራይን ጦርነት ለማቆም ፕሪቶሪያ ላይ ከተፈረመው ስምምነት በኋላ ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ታጣቂዎችን መልሶ ለማቋቋም አቅዶ፣ ኅዳር 2017 መቀሌ ላይ ሥራ ጀምሯል። ትጥቅ ይፈታሉ፣ ጥቂት ቀናት ይሠለጥናሉ፣ የመሸጋገሪያ ገንዘብ ተቀብለው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ገንዘቡ አይናቅም፤ ነገር ግን በዛሬ የቤት ኪራይና የእህል ዋጋ ስንት ወር እንደሚያስቆያቸው ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቃል። በዚያ ላይ ከእነዚህ ወጣቶች ብዙዎቹ ወደ ጦርነት የገቡት ከትምህርት ገበታ ተነሥተው ነው። ለእነሱ ከሞፈርና ቀንበር ይልቅ ያቋረጡትን ትምህርት የሚያስጨርስ ዕድልና ያለ መያዣ የሚሰጥ ብድር ይበልጥ ይጠቅማል።

የቀድሞ ወታደር ድጋፍ እስኪያገኝ የሚጠብቀውን የጊዜ ርዝመት ለማየት ቃኘው ሻለቃን ማስታወስ ይበቃል። ከ1943 ጀምሮ በዚህ ስም ኮሪያ የዘመቱት ኢትዮጵያውያን 122 ሰው አጥተዋል፤ አንድም ምርኮኛ አልተያዘባቸውም። ደርግ የሰሜን ኮሪያ ወዳጅ ሲሆን ግን ለደቡብ መዋጋት የሚያኮራ ነገር መሆኑ ቀረ። ለአረጋውያኑ የወር ድጎማ፣ ለልጅ ልጆቻቸው የትምህርት ዕድል ከሴኡል መምጣት የጀመረው ከብዙ አሠርት ዓመታት በኋላ ነበር። የመጣው ከባዕድ አገር መሆኑ ያሳፍራል ቢባል ማጋነን አይደለም።

እግሩን ያጣ ወታደር ሰው ሠራሽ እግር ቢገጠምለትም በየጥቂት ዓመቱ መቀየር አለበት፤ ካልተቀየረ ጉማጁ ይቆስላል፣ ሰውየውም ወደ ክራንቹ ይመለሳል። ሌሊት እየጮኸ የሚነቃውም በአንድ ሳምንት ሥልጠና አይድንም። ስለዚህ የተሃድሶ ኮሚሽኑ በዕቅዱ ላይ ዛሬውኑ ሊያሰፍረው የሚገባ አንድ ነገር አለ፦ በአምስተኛው ዓመት እነዚህን ሰዎች ቤታቸው ድረስ ሄዶ የሚጠይቅ ባለሙያ፣ ከነደመወዙና ከነትራንስፖርቱ።