አፋቸውን በሁለት ልሳን ስለፈቱ ልጆች

ለክቡር የወላይታ ዞን ትምህርት መምሪያ ኃላፊ፣
ወላይታ ሶዶ

ክቡር ሆይ፤

በ1992 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ልሳን ቀላቅሎ «ወጋጎዳ» በሚል ስም የተዘጋጀው የመማሪያ መጽሐፍ ለልጆቹ እንዳይሰጥ የሶዶ ሕዝብ በተነሣ ጊዜ፣ የሰው ሕይወት ጠፍቶና ብዙዎች ታስረው፣ በመጨረሻ መጽሐፉ ቀርቶ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን እስከ መሆን እንደ ደረሰ የአገሩ ሰው አይዘነጋውም። ሕፃን አፉን የፈታበትን ልሳን ሲነጥቁት ሕሊናው እንዴት እንደሚቆስል ይህ ሕዝብ በመከራ ስለተማረ፣ አፉን በሁለት ልሳን ስለፈታው ልጅ የምጽፈው ለሚያስተውል ልቡና እንደሆነ አምናለሁ።

ይህ ልጅ አባቱ ወላይታ፣ እናቱ ሲዳማ ወይም ጋሞ ወይም አማራ የሆነች፣ ወላጆቹ በወንጂና በመተሐራ የሸንኮራ እርሻ፣ በአዲስ አበባ ወይም በሐዋሳ እንጀራ ፍለጋ ሄደው በጋብቻ የተዋሐዱለት ነው። በሰኔ 2010 ዓ.ም. በሐዋሳ በሲዳማና በወላይታ መካከል ግጭት ተነሥቶ ብዙ የወላይታ ተወላጆች ሲፈናቀሉ፣ የእናቱ ወገንና የአባቱ ወገን በጠላትነት የተያዩበት ሕፃን ለየትኛው ያልቅስ? ይህን ጥያቄ ይዞ ወደ ክፍል የሚገባን ልጅ ጠርቶ በጸጥታ የሚያነጋግር መምህር ያስፈልጋል፤ ከፊደልም ከቁጥርም በፊት የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻቸው እንዲማሩ መወሰኑ ርቱዕ ነው፤ እኔም የምደግፈው ነው። ነገር ግን በአማርኛ ወይም በሲዳምኛ ትምህርቱን ጀምሮ ሁለተኛ ክፍል ላይ ወደ ሶዶ የመጣ ልጅ ወላይትኛው እስኪገራለት ድረስ ዝም ቢል፣ ዝምታው እንደ ስንፍና ሊቈጠርበት አይገባም። ሐዋርያው ጳውሎስ እናቱ አይሁዳዊት፣ አባቱ ግሪካዊ የነበረውን ጢሞቴዎስን ረዳቱ አድርጎ የመረጠው፣ ከሁለት ወገን መወለድን እንደ ነውር ሳይቈጥር ነበር።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ በመመዝገቢያ ቅጽ ላይ «ብሔር» የሚል ዓምድ ባለበት ትምህርት ቤት ሁሉ ልጁ አንዱን ወላጁን እንዲክድ የሚያስገድደው ይህ ዓምድ እንዲነሣ፣ ይህ ባይሆን እንኳ የሁለቱንም ወላጆቹን ብሔር እንዲጽፍ እንዲፈቀድለት እለምናለሁ፤ በአዋጅ ቍጥር 1284/2015 የሚመራው የፋይዳ መታወቂያ እንኳ ብሔርን አይጠይቅምና። ከሌላ ስፍራ ለመጡት የወላይትኛ ማጠናከሪያ ሰዓት ይመደብላቸው፤ በወላይታ የጊፋታ በዓል ጊዜም የእናታቸውን ወገን በዓል፣ የሲዳማው ፍቼ ጫምባላላም ቢሆን፣ ለባልንጀሮቻቸው እንዲተርኩ ዕድል ይሰጣቸው። የምክር አገልግሎት ለሚሰጡ መምህራን ሥልጠና ከወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ጋር መመካከር የሚቻል ይመስለኛል፤ ዩኒቨርሲቲው እዚሁ ከተማችን ነውና።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 የሕፃናት ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዝዛል። የመስከረም ምዝገባ ሳይጀመር ስለ ቅጹ ውሳኔ እንዲሰጡበት በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የወላይታ ሶዶ መምህር